ጥቂት ብራና፣ ብዙ ሙግት፦ ቀዳሚው መካከለኛ ዘመን በዩኒቨርሲቲ

በ800 ዓ.ም. የልደት በዓል ዕለት፣ ሮም ውስጥ በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ፣ የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 3ኛ እጅ የንጉሠ ነገሥት ዘውድ ደፋ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘውድ መድፋቱን የሚክድ የታሪክ ምሁር የለም። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ግን እስከ ዛሬ ያሟግታል።

የፍራንኮች ቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ ንጉሡ ከጸሎቱ ቀና ሲል ሊዮ ዘውዱን ደፋለት፤ የሮም ሕዝብ በታላቅ ድምፅ ንጉሠ ነገሥትነቱን አወጀ፤ ጳጳሱም በጥንቶቹ ቄሣሮች ወግ ሰገደለት። ሮም ውስጥ የተጻፈው የጳጳሳቱ ዜና ደግሞ ስግደቱን ጭራሽ አያነሳውም። በዚያኛው ትረካ የዕለቱ ባለቤት ጳጳሱ ነው። ሻርለማኝን በቅርብ የሚያውቀው አይንሃርድ፣ ንጉሡ የሊዮን ሐሳብ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ በዚያ ታላቅ በዓል እንኳ ቤተ ክርስቲያኑን እንደማይረግጥ መናገሩን ጽፏል። የሎርሽ ዜና መዋዕል በበኩሉ ነገሩ የተመከረበት እንደነበር ይጠቁማል፦ በቁስጥንጥንያ ዙፋን ላይ ያለችው ሴት ስለሆነች የንጉሠ ነገሥትነቱ ስም ባለቤት አልነበረውም ይላል። ከቁስጥንጥንያ በኩል የጻፈው ቴዎፋንስ ደግሞ ሻርለማኝ ከራሱ እስከ እግሩ ዘይት ተቀባ ብሎ በሥርዓቱ ይሳለቃል።

አምስቱም ምስክሮች ለአንድ ወገን የሚያደሉበት ምክንያት አላቸው። ሊዮ ከዓመት በፊት፣ በሚያዝያ 799፣ በገዛ ከተማው ተደብድቦ፣ ጠላቶቹ ዓይኑን ሊያወጡና ምላሱን ሊቆርጡ ሞክረው፣ ሸሽቶ እስከ ፓደርቦርን ድረስ ሄዶ ሻርለማኝን የተማጸነ ሰው ነው። አይንሃርድ የጻፈው ንጉሡ በ814 ካረፈ በኋላ፣ ጌታውን ከሥልጣን ጥማት ነጻ ለማድረግ በሚመች ዘመን ነው። በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ የተለመደ የሴሚናር ልምምድ ነው። አምስቱ ጽሑፎች ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ፤ ተማሪው «ምን ሆነ?» ከማለቱ በፊት ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደጻፈው እንዲያስረዳ ይጠየቃል።

ከ5ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 1000 ዓመት ገደማ ያለው ቀዳሚው መካከለኛ ዘመን ይህን የመሰለ ልምምድ የግድ የሚልበት ምክንያት አለው። ማስረጃው ጥቂት የሆነ ዘመን «የእኔ ነው» ባይ ይበዛበታል። ባዶ ቦታው ሰፊ ስለሆነ ቅድመ አያት የሚፈልግ መንግሥት፣ የርስት ማረጋገጫ የሚፈልግ ገዳም፣ ዘር የሚቆጥር ፖለቲከኛ ሁሉ የሚሻውን ያስገባበታል። ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲ ያሳለፈው ታሪክም ይህንን ባዶ ቦታ የመሙላትና መልሶ የማጽዳት ታሪክ ነው።

ብራናው የት ሄደ?

የምዕራብ ሮም የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ሮሙሉስ አውጉስቱሉስ በ476 ከዙፋኑ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ክፍለ ዘመናት «የጨለማ ዘመን» ማለት የተጀመረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያናዊው ባለ ቅኔ ፔትራርካ ሐሳብ ሲሆን፣ ስያሜው ለረጅም ጊዜ ከመማሪያ መጻሕፍት አልወጣም። ዛሬ ባለሙያዎቹ አይጠቀሙበትም፤ የማስረጃው እጥረት ግን እውነት ነው። ከ800 በፊት ተጽፈው በሙሉም ሆነ በቁራጭ የደረሱን የላቲን መጻሕፍት ሁለት ሺህ አይሞሉም። በአንጻሩ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ ሰባት ሺህ ያህል ተርፈዋል።

ይህ ልዩነት የመጣው በሻርለማኝና በልጆቹ ዘመን በየገዳማቱ በተካሄደ የቅጂ ሥራ ነው። ቱር፣ ኮርቢና ሌሎችም ገዳማት ጥርት ያለ አዲስ የፊደል ቅርጽ ይዘው የእጃቸውን መጻሕፍት ገለበጡ። ዛሬ በእጃችን ካሉት የጥንት ሮማውያን ድርሰቶች የሚበዙት ጥንታዊ ቅጂያቸው ከዚህ ሥራ የተገኘ ነው። ሲሴሮንና ቄሣርን ለፔትራርካ ያቆዩለት እሱ ጨለማ ውስጥ ነበሩ ያላቸው መነኮሳት ናቸው።

ከጥፋት የተረፈው ግን በዕድል ብቻ የተረፈ አይደለም። የምእመን ቤት ሰነድ ተቃጠለ፣ በሰበሰ፣ ተጣለ። መሬቱ ለገዳም ከተሰጠ ግን የስጦታው ደብዳቤ በገዳሙ ዕቃ ቤት ተቀመጠ። በስዊትዘርላንድ የሚገኘው የቅዱስ ጋል ገዳም ከ8ኛው እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ ከ700 በላይ ዋና ሰነዶችን እስከ ዛሬ ጠብቋል። ከነሱ የአንድ አካባቢ ገበሬ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ እርሻው፣ ምስክሮቹ ወለል ብለው ይታያሉ። ተማሪው ግን ገበሬውን የሚያየው ከገዳም ጋር በተዋዋለበት ቅጽበት ብቻ መሆኑን መዘንጋት የለበትም። መሬቱን ለወንድሙ የሸጠው ጎረቤቱ ሰነዱ ስለጠፋ ከታሪክ ወጥቷል።

ሐሰተኛ ሰነድ የወለደው ዕውቀት

የዚህ ትምህርት ዋና መሣሪያ የተሳለው በርስት ክርክር ነው። ቆስጠንጢኖስ ምዕራባዊውን ግዛት ለሮም ጳጳስ ሰጠ የሚለው ሰነድ ለዘመናት ሲጠቀስ ኖሮ፣ በ1440 ሎሬንዞ ቫላ የላቲኑን ቋንቋ መርምሮ በቆስጠንጢኖስ ዘመን ሊጻፍ እንደማይችል አሳየ። በ1675 ደግሞ ዳንኤል ፓፐብሮክ የተባለ ኢየሱሳዊ ካህን፣ የቅዱሳንን ገድል ሲመረምር ቆይቶ፣ ከሻርለማኝ ቤት በፊት ፍራንኮችን የገዙት የሜሮቪንጂያን ነገሥታት ለገዳማት ሰጡ የሚባሉት ጥንታዊ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አይታመኑም አለ። ይህ ለቤኔዲክት መነኮሳት ስማቸውንም ርስታቸውንም የሚነካ ነበር።

ከመነኮሳቱ መካከል ዣን ማቢዮን መልስ እንዲሰጥ ተመረጠ። መልሱ ስድብም እሪታም አልነበረበትም። ዓመታት ወስዶ የብራናውን ዓይነት፣ የፊደሉን አጣጣል፣ የማኅተሙን ቅርጽ፣ የቀን አጻጻፉን፣ የሰላምታውን ወግ አንድ በአንድ አነጻጸረና በ1681 ስለ ሰነድ ምርመራ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይ መመዘኛ አወጣ፤ በዚያው መመዘኛ የገዛ ወገኖቹ አንዳንድ ሰነዶችም ወደቁ። ፓፐብሮክ መጽሐፉን ካነበበ በኋላ መሸነፉን በደስታ ጻፈለት። በምሁራን ጠብ ታሪክ እንዲህ ያለ ፍጻሜ ብርቅ ነው።

የዛሬው ተማሪ አንድ ነገር ጨምሮ ይማራል። ሐሰተኛ መሆኑ የተረጋገጠ ሰነድ አይጣልም። ስለ 4ኛው ክፍለ ዘመን የሚዋሸው የቆስጠንጢኖስ ስጦታ፣ ብዙዎች እንደሚያምኑት በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፈ፣ የ8ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ምን ይመኙ እንደነበር በእውነት ይመሰክራል።

ሀገር ፍቅርና ድንጋይ

የሰነድ ምርመራ ከገዳም ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሻገረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከናፖሊዮን ጦርነት ማግስት፣ በ1819፣ የፕሩሲያው ባለሥልጣን ባሮን ፎም ሽታይን የጀርመንን የመካከለኛ ዘመን ምንጮች አርሞ የሚያሳትም ማኅበር ፍራንክፈርት ውስጥ አቋቋመ። የማኅበሩ መሪ ቃል የተቀደሰ የሀገር ፍቅር ብርታት እንደሚሰጥ ይናገራል። በ1821 ፓሪስ የሰነድ መርማሪዎችና የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበትን ትምህርት ቤት ከፈተች። በርሊን ላይ ሌኦፖልድ ፎን ራንከ ጥቂት ተማሪዎችን ሰብስቦ ምንጮችን በጋራ የመመርመር ልማድ ጀመረ፤ ደቀ መዝሙሩ ጌኦርግ ቫይትስ ይህንኑ ወደ ጎቲንገን ወሰደው። የዛሬው ሴሚናር የነዚህ ልጅ ነው።

ሥራው እጅግ ጥንቁቅ ነበር። ጥያቄው ግን አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፦ እነዚህ ጎቶች፣ ፍራንኮች፣ ሳክሶኖች የማን አባቶች ናቸው? ሻርለማኝ ጀርመናዊ ነው ወይስ ፈረንሳዊ? ብራናውን በፊደል ደረጃ የሚያርመው ምሁር ሕዝብ ማለት ከጥንት ጀምሮ ደሙ ሳይቀላቀል፣ ስሙ ሳይለወጥ የኖረ ነገር ነው የሚለውን እምነት ሳይመረምር አለፈው።

የዚህ እምነት ዋጋ በ1930ዎቹ ታየ። የፍራንኮች ዜና መዋዕል በ782 ሻርለማኝ ፈርደን በተባለ ቦታ 4,500 ሳክሶኖችን በአንድ ቀን አሳረደ ይላል። ከናዚዎች ወገን ሻርለማኝን የጀርመን ነጻ ሕዝብ ገዳይ አድርገው የሚያዩ ነበሩና በ1935 በዚያ ቦታ 4,500 ድንጋዮች አስተከሉ። በዚያው ዓመት ስምንት የጀርመን የታሪክ ምሁራን ለሻርለማኝ ጥብቅና የቆመ መጽሐፍ አወጡ። እነሱም ቢሆኑ የሞገቱት እንደ ታላቅ ጀርመናዊ ነበር፤ ክሱን ሲቃወሙ የችሎቱን ሥርዓት ተቀብለው ነው። በዜና መዋዕሉ ያለው ቁጥር ደግሞ ጸሐፊው ሰምቶ ወይም ገምቶ ያሰፈረው ሊሆን ስለሚችል የሚጠራጠሩት ብዙዎች ናቸው። ድንጋዩ ግን ጥርጣሬ አያውቅም። አንድ ጸሐፊ በቀለም ያኖረው ቁጥር በሜዳ ላይ ተቆጥሮ ተተከለ።

ከእስር ቤት የመጣው ጥያቄ

ጥያቄውን ራሱን ከቀየሩት መካከል ቤልጂጋዊው አንሪ ፒሬን ይገኝበታል። የጌንት ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ፒሬን በአንደኛው የዓለም ጦርነት አንድ ልጁን አጥቷል፤ በ1916 የጀርመን ጦር አስሮት እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ በጀርመን ቆየ። በእስር ላይ ለእስረኞች ታሪክ አስተማረ፣ ሩሲያኛ ተማረ፣ መጻሕፍት በሌሉበት ከትዝታው የአውሮፓን ታሪክ መጻፍ ጀመረ። በኋላ ያራመደው መከራከሪያ «መሐመድና ሻርለማኝ» በሚል ርዕስ፣ እሱ በሞተ በሁለተኛው ዓመት በ1937 ታተመ።

ፒሬን እንዲህ አለ፦ የጥንቱን ዓለም ያፈረሱት ጀርመናውያን ወራሪዎች አይደሉም። እነሱ በሮም ወግ፣ በሮም ገንዘብ፣ በሜዲትራኒያን ንግድ ቀጥለው ኖረዋል። ባሕሩ የተዘጋው በ7ኛው ክፍለ ዘመን ዐረቦች ዳርቻውን ሲይዙ ነው። ያኔ ፓፒረስ፣ ቅመም፣ ሐርና ወርቅ ከፍራንኮች ምድር ጠፉ፤ ሻርለማኝም ባሕር አልባ በሆነ የገጠር መንግሥት ላይ ነገሠ።

ዛሬ መከራከሪያውን እንዳለ የሚቀበል ጥቂት ነው። ከመሬት የወጣው ሸክላ ንግዱ ዐረቦች ከመምጣታቸው በፊት እየተዳከመ እንደነበር ያሳያል። በስካንዲኔቪያ በአስር ሺዎች የተገኙት የዐረብ የብር ሳንቲሞች ደግሞ የእስልምናው ዓለም መንገድ ከፋች ጭምር እንደነበር ይመሰክራሉ። ፒሬን በመልሱ ተሳስቶ በጥያቄው አሸነፈ። ከእሱ በኋላ የአውሮፓን ቀዳሚ መካከለኛ ዘመን ሶርያንና ግብፅን ሳያነሱ ማስተማር አልተቻለም።

ከደብሊን የመጣው ፒተር ብራውን ስለ ጥንቱ ዘመን ማብቂያ በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ አድማሱን አሰፋው፤ ከ2ኛው እስከ 8ኛው ክፍለ ዘመን ያለውን ጊዜ የውድቀት ሳይሆን የመለወጥ ዘመን አድርጎ፣ ፋርስንና ሶርያን ከሮም ጋር አንድ ላይ አነበበ። ከዚያ አስቀድሞ ራይንሃርድ ቬንስኩስ በ1961፣ ከእሱም በኋላ የቪየናው ሄርቪግ ቮልፍራም፣ «ጎቶች» የሚባሉት ከየአቅጣጫው የተሰባሰቡ ሰዎች በመሪና በትውፊት ዙሪያ የፈጠሩት ማንነት ነው ብለው ተከራከሩ። ዋልተር ጎፋርት ይህንንም ቢሆን ከምንጮቹ ያለፈ ብሎ ክፉኛ ተቸው። በ2002 አሜሪካዊው ፓትሪክ ጊሪ የዘመናችን ብሔርተኞች በዚያ ዘመን ሕዝቦች ስም የሚያነሱትን የይገባኛል ጥያቄ ከሥሩ የሚነቅል መጽሐፍ አወጣ። ለሀገር ፍቅር የተሰበሰበው ብራና በስተመጨረሻ የሀገር ተረቶች መመርመሪያ ሆነ።

ሸክላ፣ አጥንት፣ የበረዶ ዓምድ

ብራናው ብዙም አልጨመረም፤ ሌላው ማስረጃ ግን በየዓመቱ ይጨምራል። በ1939 በምሥራቅ እንግሊዝ ሳተን ሁ በተባለ ስፍራ 27 ሜትር የሚረዝም የመርከብ መቃብር ሲወጣ፣ በውስጡ የቢዛንታይን የብር ሳህንና የፍራንኮች የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ። «ዳር» ይባል የነበረው ደሴት ከሩቅ ዓለም ጋር ይገናኝ እንደነበር ታየ።

በ2005 ሁለት የብሪታኒያ ምሁራን ሸክላን ዋና ምስክር አድርገው ሁለት የተለያዩ ድምዳሜዎች ላይ ደረሱ። ብራያን ዋርድ ፐርኪንስ ጥሩ ሳህንና የሸክላ ጣሪያ ከተራው ገበሬ ቤት መጥፋቱን አሳይቶ፣ የሮም ውድቀት እውነተኛ የኑሮ ውድቀት ነበር አለ። ክሪስ ዊክሃም ክፍለ ሀገርን ከክፍለ ሀገር አወዳድሮ፣ ግብር ሲቀር ባለጸጋው ደኸየ፣ ገበሬው ግን በብዙ ቦታ ከጫናው ተነፈሰ ሲል አንድ ወጥ መልስ እንደሌለ አመለከተ። የሴሚናር ተማሪ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያነብ፣ የተሰበረ ሸክላም እንደ ብራና ተርጓሚ እንደሚፈልግ ይረዳል።

አሁን ደግሞ የተፈጥሮ ሳይንስ ወደ ክፍሉ ገብቷል። የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ በ536 ፀሐይ ለወራት ደብዝዛ እንደከረመች የጻፈውን፣ ከበረዶ ዓምድና ከዛፍ ቀለበት የተገኘው የእሳተ ገሞራ ምልክት አጽንቶለታል። በ541 ግብፅ ውስጥ የታየው ታላቅ ወረርሽኝ ቡቦኒክ ወረርሽኝ እንደነበር ከባቫሪያ መቃብሮች የወጣው የባክቴሪያ ዘረ መል አረጋግጧል። በ2022 የታተመ ጥናት ከምሥራቅ እንግሊዝ የዚያ ዘመን መቃብሮች የወጡ ሰዎች የዘር ሐረጋቸው እስከ 76 በመቶ ከባሕር ማዶ፣ ከሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ የመጣ መሆኑን አሳየ። ስደቱ ተረት ነው ብለው ለነበሩት ይህ ከባድ መልስ ነው። ሆኖም አጥንት ባለቤቱ ምን ቋንቋ እንደተናገረ፣ ራሱን ማን ብሎ እንደጠራ አይናገርም። የላቦራቶሪው ውጤት ያለ ብራናው ሰው ከተነበበ ፈርደን ላይ ወደተተከለው ድንጋይ መመለስ ይመጣል።

ተማሪው ምን ይሸከማል?

ወደዚህ ትምህርት የሚገባ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጋፈጠው ቋንቋን ነው። ላቲን የግድ ነው፤ ምርምሩን ለመከታተል ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ማንበብ ይጨመርበታል። በካምብሪጅ የአንግሎ ሳክሰን፣ የኖርስና የኬልቲክ ጥናት ክፍል ተማሪዎች የጥንት እንግሊዝኛ፣ የጥንት ኖርስ፣ የመካከለኛው ዘመን አይሪሽና ዌልሽ ከብራና አጻጻፍ ጥናት ጋር ይቀርቡላቸዋል። ድሮ ለአንድ ብራና ከሀገር ሀገር መጓዝ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን የቅዱስ ጋል ገዳም መጻሕፍትና የጀርመኑ ማኅበር ኅትመቶች በኢንተርኔት በነጻ ይነበባሉ።

ልምምዱ ግን አልተለወጠም። አይንሃርድ የሻርለማኝን መልክ ሲገልጽ፣ ዓይኑን፣ አንገቱን፣ ቦርጩን፣ ብዙውን ቃል የወሰደው ሮማዊው ስዌቶኒዮስ ስለ ቄሣሮች ከጻፈው ነው። ተማሪው ሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርጎ የተወሰደውን ያሰምርበታል። ከዚያ አስቸጋሪው ጥያቄ ይመጣል፦ ቃሉ የተዋሰ ስለሆነ መልኩ ሐሰት ነው? ጸሐፊው ከብዙ ቄሣሮች መልክ የመረጠው ለጌታው የሚስማማውን ሊሆን ይችላል። ረጅም ነበር ያለውንም አኸን ከተማ የሚገኘው፣ የሻርለማኝ ነው የሚባለው አጥንት ይደግፈዋል፤ ተለክቶ 1.84 ሜትር ያህል ተገምቷል። ቅድሚያ ማመንም ቅድሚያ መካድም እዚህ አይሠሩም።

ከአክሱም እስከ ላስታ

ይህ ዘመን ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የአክሱም ንጉሥ ካሌብ በ525 ባሕር ተሻግሮ በየመን ያለችውን ሒምያርን ሲወጋ፣ ፕሮኮፒዮስ የቢዛንታይን መልእክተኛ ስለ ሐር ንግድ ለመደራደር ወደ አክሱም መላኩን ሲጽፍ፣ ታሪኩ ከሜዲትራኒያን ታሪክ ጋር አንድ ነው። ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በ11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደተጻፉ ይገመት ነበር። ኦክስፎርድ ላይ የተደረገው የካርቦን ምርመራ ግን ከ4ኛው መጨረሻ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዳለው ጊዜ መለሳቸው።

አክሱም ሳንቲም መምታት ካቆመች በኋላ እስከ ዛግዌ ያለው ዘመን ግን ለእኛም ጥቂት ብራና ያለበት ነው። በ1970ዎቹ የተጀመረው የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቀድቷል፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የተጻፉት ከመካከላቸው እጅግ ጥቂት ናቸው። ይህን ዘመንና ተከታዩን በዘመናዊ ስልት ካጠኑት መካከል ሥርግው ሀብለ ሥላሴ እስከ 1270 ያለውን ታሪክ፣ ታደሰ ታምራት ደግሞ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ከ1270 እስከ 1527 የነበራቸውን ግንኙነት የመረመሩባቸውን መጻሕፍት በአንድ ዓመት፣ በ1972፣ አሳተሙ።

አክሱምን አጠፋች የምትባለው የንግሥት ዮዲት ነገር ዘዴው እዚህም እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ትውፊታችን ስሟን፣ ሃይማኖቷን፣ የነገሠችበትን ዘመን ይናገራል። በዘመኗ አቅራቢያ የተጻፉ ዋና የውጭ ምስክሮች ሁለት ናቸው። የ10ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዥ ኢብን ሐውቀል የሐበሻን አገር አንዲት ሴት እንደምትገዛና ንጉሡን እንደገደለች ይጽፋል። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ዜና ደግሞ ከ979 እስከ 1003 በመንበር ላይ በነበሩት በአባ ፊሎቴዎስ ዘመን፣ የሐበሻ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የጻፈውን ደብዳቤ ያወሳል፤ አንዲት ንግሥት አገሩን እንዳጠፋችና አብያተ ክርስቲያናትን እንዳቃጠለች ይናገራል። ሁለቱም «ዮዲት» የሚል ስም የላቸውም። የሕዝቧን ስም በተመለከተም የዐረብኛው ጽሑፍ አከራካሪ ነው፤ ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ ከዳሞት ሳትሆን አትቀርም ብሏል።

እዚህ ላይ ከሻርለማኝ ዘውድ የተማረው ተማሪ አንድ ጥያቄ ይጨምራል፦ ደብዳቤው የቆየው በምን መጽሐፍ ውስጥ ነው? የቆየው አገሩ የተቀጣው ከእስክንድርያ የተላከውን ጳጳስ ስለበደለ ነው ብሎ በሚያምን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ነው፤ ደብዳቤውም አዲስ ጳጳስ እንዲላክ ይማጸናል። ይህ ንግሥቲቱን ተረት አያደርጋትም። ሁለት የማይተዋወቁ ጸሐፊዎች ስለ አንዲት ኃያል ሴት መመስከራቸው መኖሯን ያጠናክራል። ስሟንና ሃይማኖቷን ግን በትውፊቱ ላይ፣ ውድመቱን በደብዳቤው ላይ፣ መንገሷን በሁለቱ ምስክሮች ላይ አድርጎ፣ እያንዳንዱን በየማስረጃው ክብደት መያዝ ያስፈልጋል።

አውሮፓ ይህን ልማድ ለመያዝ ከማቢዮን እስከ ጊሪ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባታል፤ መሐል ላይም ድንጋይ ተክላበታለች። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች መሣሪያውን ተዘጋጅቶ ያገኙታል፤ ግዕዝ፣ ዐረብኛ፣ ግሪክኛ የሚያነብና ከቁፋሮው ባለሙያ ጋር የሚነጋገር ተማሪ ማውጣት ግን የራሳቸው ሥራ ነው። በአገራችን ስለ ጥንቱ ዘመን የሚነሳው የይገባኛል ክርክር እየበዛ ነው፤ ማስረጃውን እየመዘነ እስከዚህ ድረስ ይታወቃል፣ ከዚህ ወዲያ ግምት ነው የሚል ሰው ግን አሁንም ጥቂት ነው። ቀዳሚው መካከለኛ ዘመን በዩኒቨርሲቲ መማሩ የሚጠቅመው ያንን ሰው ለማፍራት ነው።